በር የሚያንኳኳው ሕልም

አርዋ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና፣ ሽማግሌዎቹ ከተደገፈበት ግድግዳ ከዘራቸውን ሲያነሱ ሰማች። ሊሄዱ ነው።

«አቶ ይሄነው፣ አይቀየሙኝ» አሉ አባቷ ሼህ ዒምራን። «ልጁን ጠልቼው አይደለም። ሕልሜ አልፈቀደልኝም።»

አቶ ይሄነው የዕድሜ ልክ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ክርስቲያን ቢሆኑም በመካነ ሰላም የሼህ ዒምራንን ደጅ እንደ እሳቸው የሚደፍር የለም። ሽምግልናውንም የመሩት እሳቸው ነበሩ። እንደ ቆሙ፣ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው፣ «ሼህ ዒምራን፣ እኔ የእናንተን ኪታብ አላውቅም» አሉ። «ግን ልጁ ኸባብ የተባለው በነቢዩ ባልደረባ ስም ነው። ያ ሰው ብረት ቀጥቃጭ እንደነበረ የነገሩኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት። እዚሁ በረንዳ ላይ።»

«ነግሬዎታለሁ።»

«ውሸት ነበር?»

«ሐቅ ነው።»

«ታዲያ የቀጥቃጭ ልጅ መሆኑ ምኑ ላይ ነው የሚያስነውረው?»

ሼህ ዒምራን ሕልም ያየ ሰው እንደሚናገረው ቀስ ብለው ተናገሩ። «ምርጫ የሚያሳየውን ሶላት፣ ኢስቲኻራን፣ ሰገድኩ። ያ ረቢ፣ ኸይሩን አሳየኝ ብዬ ተኛሁ። ፊቱ በጥላሸት የጠቆረ ሰው በሬን ያንኳኳል። በእጁ እሳት ይዟል። ዘጋሁበት። በማግሥቱም መጣ። እሳት ወደ ቤቴ እየመጣ ልጄን አሳልፌ አልሰጥም።»

ከማሻም ከአጅባርም በአውቶብስ ተሳፍሮ ሕልሙን ሊያስፈታ የሚመጣ ሕዝብ ያለበትን ሰው፣ በሕልምህ ተሳስተሃል የሚለው ማን ነው? ሽማግሌዎቹ ወጡ። አርዋ መጋረጃውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀረች።

*

አርዋ የሼህ ዒምራን የመጨረሻ ልጅ ናት። ሌሎች ልጆች ተረት እየሰሙ ሲያድጉ እሷ የሰው ሕልም እየሰማች ነው ያደገችው። ጥርሱ የረገፈበት ገበሬ፣ ሟች ባሏ በባሕር ላይ ሲያርስ ያየች ሴት፣ በገዛ ቤቱ የማያውቀው ጓዳ ያገኘ ነጋዴ፣ ሁሉም በዚያ በረንዳ አጎዛ ላይ ተቀምጠው ተናግረዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሥነ ልቦና መምረጧ ማንንም አላስደነቀም።

እዚያ ዶክተር የኔአለም የምትባል አስተማሪ ገጠመቻት። የሕልምን ትንታኔ የምታስተምረው ሳትቸኩል፣ ተማሪ ሲቸኩል ደግሞ እየተቆጣች ነበር። «ሕልም መዝገበ ቃላት የለውም» ትል ነበር። «እባብ ለገበሬው ሌላ ነው፣ ለሐኪሙ ሌላ። ባለሕልሙን ሳትጠይቁ የፈታችሁት ሕልም የራሳችሁ ሕልም ነው። ነፍስ ደግሞ ሚዛን ትወዳለች። ቀን ወደ አንድ ጎን ያጋደለን ሰው ማታ በሌላው ጎን ትጎትተዋለች። በሕልማችሁ በር የሚመታ እንግዳ ሲመጣ፣ ከመፍራታችሁ በፊት ከራሳችሁ ውስጥ ምን እንዳባረራችሁ ጠይቁ።» ከዚያ ጣቷን ታነሳለች። «ደግሞም ከባለሕልሙ የምትፈልጉት ነገር ካለ፣ ሕልሙን አትንኩ!»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት አርዋን ከመጋረጃው ጀርባ አፏን የለጎመቻት።

ምክንያቱም የምትፈልገው ነገር ነበራት። ከመቼ ጀምሮ ቢሏት፣ ኸባብ የትምህርት ቤቱን የቤተ መጻሕፍት መስኮት ብረት ሊገጥም ከመጣበት ቀን ጀምሮ ነው። ተመርቃ መጥታ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆናለች። እሱ ከጓደኞቹ ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ የብረታ ብረት ሥራ ይሠራል። መሰላል ላይ እንዳለ ቁልቁል አያት።

«ሕልም ታዳምጫለሽ አሉ።»

«ተማሪ ከነገረኝ አዳምጣለሁ።»

«እኔ ሕልም አላይም።»

«ታያለህ። ከእንቅልፍህ ስትነቃ ዘለህ ስለምትነሳ ነው የሚጠፋህ። ነገ ጠዋት ስትነቃ ሳትንቀሳቀስ ትንሽ ቆይ።»

በማግሥቱ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ፣ ከመሰላሉ ሳይወርድ፣ «አየሁ» አላት።

«ምን አየህ?»

«አልነግርሽም።»

ያን ቀን የበየደው ብረት ተጣሞበት ቆርጦ እንደገና ሠራው። ጓደኞቹ ሲስቁበት እሱም ሳቀ፤ አርዋ ግን ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋችና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ጉንጮቿ ይፋጃሉ።

ከተማው ኸባብን ይወደዋል። በስብሰባ ላይ «ሞዴል ወጣት» ተብሎ ተጨብጭቦለታል። ያጨበጨበለት ካድሬ ግን ወደ ኸባብ እናት ወደ እማማ የሻለም ቤት ሲገባ፣ የቀረበለትን እንጀራ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ሳይነካው ወጥቷል። ቀጥቃጭ ሲባል ሰው ሥራውን ይሻል፤ ማዕዱን ይሸሻል። ኸባብ ይህን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። አርዋን እስካወቀበት ቀን ድረስ ግን እንዲህ አልመረረውም ነበር።

*

ሽማግሌዎቹ በተመለሱ ማግሥት ወደ ብየዳ ቤቱ ሄደች። ኸባብ መሣሪያዎቹን በጆንያ ይከታል። ቀና ብሎ አላያትም።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ወረኢሉ። ብየዳ ቤት የሚከፍት ሰው ና ብሎኛል። እዚያ የማን ልጅ ነህ የሚለኝ የለም።»

«ሳትነግረኝ?»

አሁን አያት። ዓይኖቹ እንቅልፍ አጥተው ቀልተዋል። «አንቺስ ነገርሽኝ? አቶ ይሄነው እግርሽን ከመጋረጃው ሥር አይተውታል። እዚያ ነበርሽ። ያን ሁሉ ሰማሽ፣ አንዲት ቃል ከአፍሽ አልወጣም። የአገሩን ሕልም ስታዳምጪ ትውያለሽ፤ በኔ ላይ የመጣ ሕልም ሲሆን አፍሽ ተያዘ። ምናልባት አንቺም አምነሽበት ይሆናል፤ ለናንተ ቤት እሳት ነኝ ማለት ነው።»

«ኸባብ!»

«ተሳሳትኩ?»

«ተሳስተሃል! ዝም ያልኩት ስላመንኩበት አይደለም። በጣም ስለፈለግሁህ ነው። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ኖሮ የአባቴን ሕልም ለራሴ እንዲመቸኝ አድርጌ ነበር የምፈታው። እሳት ማለት ብርሃን ነው፣ ጥላሸት ማለት ሀብት ነው እያልኩ። አባቴ ደግሞ ይወደኛል፤ ሊያምነኝም ይችላል። በማታለል የተከፈተ በር ገብተህ ትኖርበታለህ?»

ኸባብ መዶሻውን እንደያዘ ቆመ። መዶሻው የአባቱ ነበር።

«አልኖርበትም» አለ በመጨረሻ።

ከውጭ የባጃጅ ጩኸት መጥቶ አለፈ።

«ያኔ ያየኸውን ሕልም አልነገርከኝም» አለች።

ሊቆጣ ፈለገ፤ አልሆነለትም። «ድልድይ ስሠራ ነበር» አለ። «ወንዝ በሌለበት ሜዳ ላይ። ሰው ሁሉ ቆሞ ይስቅብኛል። አንቺ ብቻ ከወዲያ ማዶ ሆነሽ፣ ‹ትንሽ ነው የቀረህ› ትይኛለሽ።»

«አንተ ምን ይመስልሃል?»

«አሁንም ትጠይቂኛለሽ?» አለና ሳያስበው ፈገግ አለ። «ወንዙን ማንም አያየውም፤ እኔና አንቺ ግን እናውቀዋለን። ይኼ ነው የሚመስለኝ።»

የአርዋ ዓይኖች እንባ ሞሉ። «እስከ ገበያ ቀን ቆይልኝ። አባቴን አነጋግረዋለሁ። አልፈታለትም፤ አነጋግረዋለሁ። እምቢ ካለኝ ሂድ፤ አልይዝህም።»

ኸባብ መዶሻውን ወደ ጆንያው አልከተተውም፤ ሚስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው። አርዋ ያን አይታ ስትወጣ፣ ተስፋ ማለት እንዲህ የሚያም ነገር መሆኑን ያን ቀን አወቀች።

*

በገበያው ቀን፣ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ፣ እናቷ ፋጢማ ልትቀሰቅሳት ስትገባ ተነሥታ ቆማ አገኘቻት።

«አባትሽ ዛሬም አይቶታል» አለች እናቷ በሹክሹክታ። «ማታ ከአጅባር መጥተው ያደሩ ባልና ሚስት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ መልሻቸው አለኝ። የራሴን ያልቻልኩ የሰው ምን እፈታለሁ ብሎ። ሠላሳ ዓመት ስኖር እንግዳ ሲመልስ አይቼው አላውቅም።»

ሼህ ዒምራን ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ መቁጠሪያቸው፣ ሙስበሃው፣ በእጃቸው አለ፣ ጣታቸው ግን አይንቀሳቀስም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያረጁ መስለዋል። አርዋ እንደ ልጅ ከጎናቸው አልተቀመጠችም። ባለሕልሞች በሚቀመጡበት አጎዛ ላይ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ምነው እዚያ?»

«አባባ፣ ሕልምዎን ይንገሩኝ።»

«ሰምተሽዋል።»

«ለሽማግሌዎቹ የነገሩትን ነው የሰማሁት። እርስዎ ሰው ሲመጣብዎት፣ ከመፍታትዎ በፊት ይጠይቁታል። ከየት መጣህ፣ ምን አሳስቦህ አደርክ ይሉታል። እርስዎን ግን ማንም አልጠየቀዎትም። እኔ ከዚህ ሕልም የምፈልገው ነገር አለ። ያውቁታል። ስለዚህ አንዲት ቃል አልፈታም። ወላሂ አልፈታም። እጠይቃለሁ ብቻ። ፍቺው የእርስዎ ነው።»

ሼሁ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። መጀመሪያ ቁጣ፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር በፊታቸው አለፈ።

«ጠይቂ።»

«በሩ የዚህ ቤት በር ነው?»

«አዎ…» አሉና ቆም አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አይደለም። አይደለም፣ ሱብሐነላህ። ጎጆ ናት። ጎንበስ ተብሎ የሚገባባት። በሩም የሳንቃ አይደለም፤ የጭራሮ ነው።»

«መስኮት አላት?»

«የላትም። ጨለማ ናት።»

«እርስዎ ውስጥ ነዎት?»

«ውስጥ ነኝ።»

«ሰውዬው እሳቱን በምን ነው የያዘው?»

«በእጁ…» እንደገና ቆሙ። ቀኝ እጃቸው ሳያስቡት ተነስቶ፣ አንድ ነገር እንደሚሸከም መዳፉን ዘረጋ። «በገል። የተሰበረ እንስራ ገል ነው። ፍም ነው ያለበት።»

አርዋ አሁን አንድ ነገር ብትል፣ አንድ ትንሽ ቃል ብታቀብል፣ ሁሉ ነገር ወደ እሷ ያዘነብላል። ጥርሷን ነከሰች።

«ሰውዬው ይናገራል?»

«አይናገርም። ገሉን ይዘረጋልኛል።»

«ከዚያ በሩን ይዘጋሉ።»

«እዘጋለሁ።»

«እሱስ?»

«ይሄዳል። የእግሩን ኮቴ እሰማለሁ።»

«እርስዎስ፣ አባባ? በሩን ከዘጉ በኋላ እርስዎ ምን ይሆናሉ?»

ይህን ሼህ ዒምራን ራሳቸውን ጠይቀው አያውቁም። የሺህ ሰው ሕልም የፈቱ ሰው፣ የራሳቸውን ሕልም በሩ ላይ አቁመው ነበር የሚተውት። ትከሻቸው ተሰበሰበ። ከጋቢያቸው ሥር እንደ ሕፃን ሲንቀጠቀጡ አየቻቸው።

«በረደኝ» አሉ።

አርዋ አልተንቀሳቀሰችም።

«በረደኝ፣ ልጄ። ሕልሙ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው፤ በሩን ዘግቼ በጨለማ ሲበርደኝ። ሁልጊዜ።» እንባቸው በነጭ ጺማቸው ላይ መውረድ ጀመረ። «ጎጆዋን አወቅኋት። ደረሳ ሳለሁ ቁርኣን የቀራሁባት ጎጆ ናት፣ ተንታ፣ ደጋው ላይ። ክረምት ነበር። እንጨቱ ሁሉ ረጥቦ እሳታችን ጠፋ። ከመንደሩ እሳት ስንለምን ‹ጠፍቶብናል› ይሉናል፤ ደረሳ በዛባቸው። አንድ ቀጥቃጭ ነበር በመንደሩ ዳር። የሱ እሳት አይጠፋም። ማታ ማታ በገል ፍም ይዞ መጥቶ በራችንን ይመታል። ጓደኞቼ ‹ከጠይብ አንቀበልም› ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ነበርኩ ወጥቼ የምቀበለው። ሱረቱ ያሲንን በቃሌ የሐፈዝኩት በሱ ፍም ብርሃን ነው።»

«ስሙ ማን ነበር?»

«አራጋው።» ስሙን ሲጠሩት ፊታቸው ተፈታ። «አራጋው ነበር ስሙ። ሼህ ከተባልኩ፣ ጥምጣም ካሰርኩ ወዲህ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። ረሳሁት ብዬ ነበር። እሱ ግን አልረሳኝም፤ ይኸው በሬ ላይ ቆሟል።»

ከጓዳው ደፍ ላይ ፋጢማ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሼህ ዒምራን ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ።

«እሳት ሁሉ ሊያቃጥል የሚመጣ መሰለኝ» አሉ። «ይኼ ሰው ሊያሞቀኝ ነበር የመጣው። ኢስቲኻራ ሰግጄ መልስ ለመንኩ፤ መልሱ መጥቶ በሬን ሲመታ የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ይኼን አንቺ አይደለሽም የፈታሽው።»

«አይደለሁም፣ አባባ» አለች አርዋ። ተደፍታ ጉልበታቸውን አቀፈች።

እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፉ። በዚያ በለመደችው ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ልጁ ሊሄድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሄዷል?» አሉ።

«ዛሬ ነው የሚሄደው።»

«ፋጢማ! ጥምጣሜን አምጪልኝ።»

*

ገበያው ሞልቷል። ሼህ ዒምራን ነጭ ጥምጣማቸውን አስረው በእህል ተራው መካከል ሲያልፉ፣ ሰው ሰላምታ ሊሰጥ ከተቀመጠበት ይነሳል። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሼሆች!» «ወዐለይኩሙ ሰላም!» ይላሉ፤ አይቆሙም። አርዋና ፋጢማ ከኋላቸው ናቸው። ከገበያው ዳር ወደ ታች፣ ወደ ቀጥቃጮቹ ሰፈር የሚወስደውን መንገድ ሲይዙ ግን ሰላምታው ቀረ። ሰው ዝም ብሎ ያይ ጀመር። አንዳንዱም ሸቀጡን ትቶ ተከተለ።

በእማማ የሻለም በር ላይ ሻንጣ ተቀምጧል። ኸባብ አጠገቡ ቆሞ የሚመጡትን ሲያይ ቀለሙ ተለወጠ። እናቱ ደንግጣ ወጣች፤ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

«ሼሆች፣ ምን አጠፋን?»

«ያጠፋ የለም። ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት፣ የሻለም።»

«የማን ሽማግሌ?»

«የልጄ።» ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ የተከተለው ሰው ሁሉ ይሰማ ዘንድ። «ልጅሽ ሽማግሌ ልኮብኝ መለስኩት። አሁን እኔ ራሴ ልለምን መጣሁ። ኸባብን ለአርዋ ስጪኝ። ካሻሽ መልሺኝ፤ ነገም እመጣለሁ።»

እማማ የሻለም እንግዳን በር ላይ ማቆም አልሆነላትምና፣ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለች፤ ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ እንደለመደችው አንገቷን ደፍታ፣ «ከሱቅ ብስኩት ላስመጣልዎት?» ብላ ጠየቀች።

ሼህ ዒምራን ይህቺን ቃል ሲሰሙ ደረታቸው ላይ የተመቱ መሰሉ።

«ብስኩት አልበላም። አንቺ የጋገርሽውን አምጪልኝ። በሩንም ክፍት አድርጊው።»

እንጀራው በሽሮ ቀረበ። ሼህ ዒምራን ቢስሚላህ ብለው ቆረሱ። በተከፈተው በር ገበያተኛው እያያቸው፣ ሳይቸኩሉ፣ ጣፍጧቸው በሉ። አቶ ይሄነው ወሬ ሰምተው እየሮጡ ደረሱና ደፉ ላይ ቆመው ሳቃቸውን መግታት አቃታቸው። «ለእኔስ ቦታ አለ?» አሉ። ማዕዱ ቀረብ ተደረገላቸው፤ እሳቸው በዚያን ቀን ጾም እንደሌለባቸው ለሰው ሁሉ እያስታወቁ ቁጭ አሉ።

«የሻለም፣ ተንታ ውስጥ አራጋው የሚባል ቀጥቃጭ ዘመድ ነበራችሁ?» ብለው ጠየቁ ሼሁ።

«የለንም፣ ሼሆች። አናውቀውም።»

«ይሁን» አሉ። «አላህ ይዘንለት። አንቺ ባታውቂውም እኔ ነግሬሽ ታውቂዋለሽ።»

ኸባብ ይህን ሁሉ ጊዜ አልተቀመጠም። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጥላሸት የማይለቃቸው እጆቹን ወዴት እንደሚያደርጋቸው አጥቶ ቆሟል። ወደ አርዋ ጠጋ አለ።

«ፈታሽለት?» አላት በቀስታ።

«አልፈታሁም። ጠየቅሁት ብቻ። ራሱ ነው የፈታው።»

«እኔ ግን ያልሆነ ነገር ተናገርኩሽ። ብየዳ ቤት…»

«ተናግረሃል» አለች። «ዕድሜ ልክህን ትክሰኛለህ።»

ሳቀ። እናቱ ሳቁን ሰምታ ዞር አለች። ልጇን አየች፣ አርዋን አየች፣ ከማዕዷ የሚበሉትን ሼህ አየች። በእጇ የያዘችውን ማንኪያ መሬት ጣለችው። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ መልሳ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ለሠርግም ለልደትም ያልተሰማ እልልታ ለቀቀችው። ከጎረቤት ግቢ አንዲት ሴት መለሰችላት፤ ከዚያ ማዶ ሌላዋ፤ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ። እልልታው ሽቅብ ወጥቶ ገበያው መሀል ሲደርስ፣ እዚያም ምን እንደሆነ ገና ያልሰሙ ሴቶች ሳይጠይቁ ተቀበሉት።

ፋጢማ ልጇን ትከሻዋን ነካ አድርጋ ወደ ፊት ገፋቻት። አርዋ አልተሽኮረመመችም። አገር ቆሞ እያየ፣ አባቷ እያዩ፣ ቀና ብላ ኸባብን በሙሉ ዓይኗ አየችው። ደስታዋ ከደረቷ ሰፍቶ በእልልታው ላይ ተሳፍሮ ከደጋው በላይ የወጣ መሰላት፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ድል የሚባለው ነገር እንዲህ ለስላሳ መሆኑን አታውቅም ነበር።